የአርባ ምንጭ ደን፦ ዛፍና ውሃ የተዋዋሉበት ስፍራ



«አርባ ምንጭ» የሚለው ስም ሲነሣ በፉሪ ለምንኖር ሰዎች ቀድሞ ትዝ የሚለን በየፍራፍሬ መሸጫው ተሰቅሎ የምናየው ሙዝ ነው። ጥቂት የተጓዙ ደግሞ አዞውንና ዓሣውን ያነሣሉ። ስሙ ራሱ የሚናገረውን ነገር፣ ማለትም ምንጮቹንና በእነሱ የሚኖረውን ደን የሚያነሣ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ከተማይቱ የተቀመጠችበት ገደል ከሥሩ ውሃ ያፈልቃል። ይህ ውሃ በሚያርሰው ለጥ ያለ መሬት ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አካባቢ፣ አገራችን ካሏት ደኖች ጠባዩ ለየት ያለ ጥንታዊ ደን ይገኛል። ባለሙያዎች «የከርሰ ምድር ውሃ ደን» ብለው ይጠሩታል። ምክንያቱም ደኑ የሚኖረው ከሰማይ በሚወርደው ዝናብ ሳይሆን በአብዛኛው ከመሬት በታች በሚያገኘው ውሃ ስለሆነ ነው።

እኛ በመምህርነት ሙያ ላይ የምንገኝ ስንሆን ባለፈው የግማሽ ዓመት ዕረፍት ከተማሪዎቻችንና ከጥቂት ወላጆች ጋር ሆነን ይህንን ደን ጎብኝተናል። ያየነውንና የተማርነውን፣ እንዲሁም ተማሪዎቻችን ጠይቀውን በቀላሉ ልንመልሰው ያልቻልነውን አንድ ጥያቄ ለአንባቢያን ማካፈል ወደድን። ጥያቄው «ደኑ የሚጠቅመው ለሁሉም ከሆነ የመጠበቁን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው?» የሚል ነው።

ከባሕር ዛፍ አገር ወደ ሾላ አገር

ለፉሪ ልጅ «ዛፍ» ማለት ባሕር ዛፍ ማለት ነው። በተራራው ጎን፣ በየአጥሩ ጥግ፣ በየመንገዱ ዳር የሚያየው እሱኑ ነው። ይህ ዛፍ ግን ከአውስትራሊያ የመጣ እንጂ የአገሩ ተወላጅ አይደለም። እንዴት እንደመጣ ከጉዞው በፊት ለተማሪዎቻችን በክፍል ውስጥ አስረድተን ነበር። አዲስ አበባ በ1886 (እ.ኤ.አ) ከተቆረቆረች በኋላ የከተማይቱ ነዋሪ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የአካባቢውን አገር በቀል ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈጀው። የእንጨት ችግሩ ከመጽናቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን በስተ ምዕራብ ወደምትገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማይቱን ከመፈታት ያዳናት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ውለታው የሚዘነጋ አይደለም። ሆኖም ከእሱ በፊት የነበረው ደን ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ዛሬ ከፉሪ ወጥቶ በወጨጫ ተራራ ላይ እስከሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። እዚያ ያረጁ ጽዶችና ዝግባዎች አሁንም ቆመዋል።

እንግዲህ አንድ ከተማ በዙሪያው ያለውን ደን በማገዶ ሊጨርስ እንደሚችል የእኛው ከተማ ታሪክ ምስክር ነው። ይህንን በልባችን ይዘን ነው ወደ ደቡብ የተጓዝነው።

መንገዱ ለፉሪ ሰው የቅርብ ነው። ከጎረቤታችን ከዓለም ገና ተገንጥሎ በቡታጅራ፣ በወራቤ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ይገባል፤ ርዝመቱም ከ430 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው። ሱብሒን ሰግደን ተነሣን። የአዋሽን ወንዝ በመልካ ቁንጡሬ ተሻገርን፤ የጥያን ትክል ድንጋዮች በስተጎን አየን፤ ወራቤ ላይ ቁርስ በላን። ከተማሪዎቻችን መካከል የስልጤና የጉራጌ ልጆች ብዙ በመሆናቸው ይህ የመንገዱ ክፍል «የአያቴ አገር በዚህ በኩል ነው» በሚል ጨዋታ አለፈ። ሶዶ ላይ ዙህርንና ዐስርን እንደ መንገደኛ አሳጥረንና አሰባስበን ሰገድን። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ እየወረደ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። በስተግራችን ሰፊው የአባያ ሐይቅ ብቅ አለ። ቀጥሎም በፉሪ ገበያ የምናውቀው ሙዝ በተወለደበት ማሳ ላይ ሆኖ ተቀበለን።

ከገደሉ አፋፍ

የአርባ ምንጭ ከተማ በሁለት የተከፈለች ናት። የላይኛው ሴቻ፣ የታችኛው ሲቀላ ይባላል። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ደኑ ከመውረዳችን በፊት ሴቻ ካለው የገደል አፋፍ ቆመን ቁልቁል ተመለከትን። በግራ በኩል ቀይ ቡኒ የሆነው አባያ፣ በቀኝ በኩል ሰማያዊው ጫሞ፣ በመካከላቸው «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ኮረብታማ መሬት ይታያል። ከእግራችን ሥር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከላይ ሲያዩት የተነጠፈ ምንጣፍ የሚመስል አረንጓዴ ደን አለ።

ጊዜው በጋ ነበር። በዙሪያው ያለው ኮረብታ ሣሩ ደርቆ ቁጥቋጦው ቅጠሉን አርግፏል። ደኑ ብቻ አረንጓዴ ነው። አንዱ ተማሪያችን «ኡስታዝ፣ ዝናቡ ለእሱ ብቻ ነው እንዴ የሚዘንበው?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

መልሱ ከኋላችን ባሉት ከፍተኛ ተራሮች ላይ ይገኛል። ጨንቻና ዶርዜ የሚገኙበት የጋሞ ደጋ ከሐይቆቹ በላይ ከአንድ ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የቆመ ነው። እዚያ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ በወንዝ መልክ ይወርዳል፤ ከፊሉ ደግሞ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ስንጥቅጥቅ ዐለት ውስጥ እየሰረገ ከመሬት በታች ይጓዛል። አዲስ እንስራ ከላይ ውሃ ሲሞሉት በጎኑ እንደሚያልበው ሁሉ ተራራውም ከላይ የጠጣውን ከገደሉ ሥር ያወጣዋል። ምንጮቹ እነዚህ ናቸው። «አርባ» የሚለው ቁጥር ብዛታቸውን ለመግለጽ የተነገረ ነው። የከተማይቱ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃም ከእነዚሁ ምንጮች ነው የሚሳበው። በ1986 (እ.ኤ.አ) የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በዚህች ከተማ መቋቋሙና በኋላም ወደ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ማደጉ ከአካባቢው ጠባይ ጋር የሚሄድ ነገር ነው።

ምንጮቹ ሜዳው ላይ ሲደርሱ መሬቱን ያርሱታል። ከጉጌ ተራሮች የሚወርደው የኩልፎ ወንዝም ደኑን አቋርጦ ወደ ጫሞ ይገባል። ስለዚህ የደኑ መሬት በበጋም ቢሆን ውሃው ከዛፎቹ ሥር አይርቅም። ለዚህ ነው ዛፉ ቅጠሉን የማያረግፈው።

ግዙፎቹ ሾላዎች

ደኑ የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ አካል ስለሆነ ፈቃድ አውጥተን ከአንድ የፓርኩ ስካውት ጋር ገባን። ጥቂት እንደተራመድን ፀሐይዋ ጠፋች። ከላይ ቅጠሉ ተጋጥሞ ሰማዩን ከድኖታል፤ ሙቀቱ ቀንሶ የእርጥብ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ መጣ። በአንዳንድ ስፍራ መንገዱ ደረቅ ነው። በሌላ ስፍራ ግን እግር እስከ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ማጥ ነው፤ ውሃው ጥቁር መስሎ ቆሞ ሲያዩት ግን ቀስ ብሎ ይሄዳል። ባለ ሰንደል ጫማ ተማሪዎች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተራመዱ።

የደኑ ባላባት ሾላ ነው። ዋንዛና ሌሎች ዛፎችም ቢኖሩ ዓይን የሚይዘው ሾላው ነው። ከ20 ሜትር በላይ ይቆማል፤ ቅርንጫፉም እንደ ቁመቱ ሰፊ ነው። የአንዱን ግንድ ዙሪያ ስድስት ተማሪዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊገጥሙት ሞክረው አልደረሱበትም። ከግንዱ ሥር እንደ ግድግዳ ቀጥ ብለው የወጡ ሥሮች አሉ። ምክንያቱን ስካውቱ በጫማው አፈሩን እየጨቆነ አሳየን። ውሃ በሞላው አፈር ውስጥ አየር ስለማይገኝ ሥር ወደ ጥልቁ መውረድ አይችልም። ስለዚህ ወደ ጎን ይዘረጋል። ይህን የሚያህል ዛፍ ጥልቀት በሌለው ሥር ለመቆም ራሱን በራሱ መደገፍ አለበት። አልፎ አልፎ ነፋስ የሚጥለው ግዙፍ ዛፍ ይኖራል፤ በወደቀበት ቦታ ሰማዩ ይከፈትና ብርሃን ሲገባ ለዓመታት በጥላ ሥር ተቀምጦ የነበረው ችግኝ ተነሥቶ ወደ ላይ ይሮጣል። ወድቆ የሚበሰብሰው ግንድ ለትልና ለእንጉዳይ መኖሪያ፣ ለአዲሱ ዛፍም አፈር ይሆናል። ሰው ያልነካው ደን የሚታወቀው በዚህ ነው። የሞተውም ያለውም አንድ ላይ ይኖርበታል።

በአማርኛችን የውስጡ ያልታወቀ ነገር ሲያጋጥመን «ሾላ በድፍን» እንላለን። ተማሪዎቹ አንዱን ፍሬ ከመሬት አንሥተው ሲከፍቱት አባባሉ ከየት እንደመጣ ገባቸው። እኛ ፍሬ የምንለው ነገር በእርግጥ አበቦቹን ወደ ውስጥ ያዞረ ድፍን ቋት ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች በውስጡ ተዘግተው ይኖራሉ። ታዲያ ንብ ሳይገባ፣ ነፋስ ሳይደርስ እንዴት ዘር ይይዛል? ጤፍ የምታህል ተርብ መሰል ነፍሳት በጫፉ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ክንፏን እየጣለች ትገባና ከሌላ ፍሬ ያመጣችውን ብናኝ ለአበቦቹ ታደርሳለች፤ ዕንቁላሏንም እዚያው ትጥላለች። ያለ እሷ ሾላ ዘር የለውም፤ ያለ ሾላም እሷ ልጅ የላትም። ጥንታውያን ግብፃውያን ሾላን በሰፊው ይተክሉ ነበር። ነገር ግን ይህች ነፍሳት በግብፅ ስለማትገኝ ፍሬው እንዲበስል በቢላ ይጭሩት፣ ዛፉንም ከቅርንጫፍ እየቆረጡ ያባዙት ነበር። የእኛው ሾላ ግን ረዳቱ አብሮት ስላለ በዘሩ ይራባል። ሱብሐነላህ! ስሟን እንኳ የማናውቃት ነፍሳት ብትጠፋ ይህ ሁሉ ደን ወራሽ አጥቶ ይቀራል።

ሾላ በተለያየ ጊዜ ስለሚያፈራ በደኑ ውስጥ ሁልጊዜ የሚበላ አይጠፋም። ጉሬዛ ከላይ በቅርንጫፍ ላይ፣ ጦጣና ዝንጀሮ ከታች፣ የዱር አሳማና ድኩላ በቁጥቋጦው ውስጥ ይኖራሉ። ከሁሉም ለተማሪዎቻችን፣ በተለይም ለወላጆች፣ አስደናቂ የሆነባቸው ግን አንድ ወፍ ነው። የእርኩም ዘመድ ነው፤ ሰውነቱ ጥቁርና ነጭ፣ ግዙፍ ምንቃሩም ላይ የራስ ቁር የመሰለ ነገር አለ። ሴቷ ዕንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ በትልቅ ዛፍ ግንድ ውስጥ ያለ ጎሬ ትገባለች። ወንዱ ጭቃ ያቀብላታል፤ እሷም በሩን ምንቃር ብቻ እስኪያስገባ ድረስ ትመርገዋለች። ከዚያ በኋላ ጫጩቶቹ ለመብረር እስኪደርሱ ድረስ አትወጣም። በእነዚህ ሁሉ ሳምንታት የእሷና የልጆቿ ቀለብ በአባትየው ላይ ነው። ከዛፍ ዛፍ እየዞረ ፍሬ ይለቅምና በጉሮሮው ይዞ አምጥቶ አንድ በአንድ ያቀብላል። አንዲት እናት «እኛ ቤት ይህንን ወፍ የሚያነብ ሰው አለ» ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

ነገሩ ግን ከሳቅ ያለፈ ትምህርት አለው። እንዲህ ያለ ሰፊ ጎሬ የሚገኘው ባረጀና በገዘፈ ዛፍ ላይ ነው። ትልቁ ዛፍ ከተቆረጠ በምትኩ አሥር ችግኝ ቢተከል እንኳ ያ ወፍ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቤት አያገኝም። ይህ ወፍ ደግሞ የበላውን ፍሬ ዘር በሌላ ቦታ የሚዘራ የደኑ ገበሬ ነው።

እንዲህ ያሉ በውሃ ላይ የቆሙ ደኖች በሌላውም ዓለም ይገኛሉ። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በብላክ ሪቨር ረግረግ ውስጥ የቆመ አንድ ዛፍ ከ2,600 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ተመራማሪዎች በ2019 አስታውቀዋል። በኮንጎ ተፋሰስ ደግሞ ረግረጋማው ደን ከሥሩ 145,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ያልበሰበሰ የዕፅዋት ክምችት እንደያዘ በ2017 ታውቋል። በውስጡ የታመቀው ካርቦንም ወደ 30 ቢሊዮን ቶን ይገመታል። ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር የአርባ ምንጩ ደን በስፋቱ እጅግ ትንሽ ነው። ትንሽ መሆኑ ግን ከከተማ አጠገብ ከመሆኑ ጋር ሲደመር አሳሳቢ ያደርገዋል።

ነጭ ወተት የሚያዣው እንጨት

ከደኑ ለመውጣት ስንቃረብ ከኋላችን የእግር ኮቴ ተሰማ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ የማያንስ አንዲት እናት ጀርባቸውን ያጎበጠ የእንጨት ሸክም ተሸክመው መጡ። ስካውቱን ሲያዩ ቆም አሉ። እሱም ቆመ። ከተማሪዎቻችን አንዱ ፈጠን ብሎ «እማማ፣ ትንሽ ይረፉ» ሲላቸው ሸክሙን ግንድ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ከአማርኛ ይልቅ ጋሞኛ ይቀናቸው ስለነበር ስካውቱ እያስተረጎመ ተነጋገርን። ሸክሙን ሲቀላ ወስደው ይሸጡታል። በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣሉ። ቤት ውስጥ ሦስት የሚማሩ ልጆች አሉ። «የደረቀውን ነው የምለቅመው፤ እርጥብ አልነካም» አሉ።

ከሸክሙ መሐል ግን የአንደኛው እንጨት ጫፍ ነጭ ወተት ያዣ ነበር። ሾላ በቁሙ ሲቆረጥ እንዲህ ያደርጋል። ሁሉም አየው፤ ማንም አልተናገረም። ስካውቱ ጎንበስ አለና ያንን እንጨት ከሸክሙ መዝዞ ዛፉ ሥር አስቀመጠው። ሌላውን ገመድ መልሶ አጠበቀላቸው። እሳቸውም ከምንጩ ውሃ በእፍኛቸው ጠጥተው፣ ሸክሙን አንሥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከራቁ በኋላ ስካውቱ እንዲህ አለን፦ «ሕጉን አውቃለሁ። ሸክሙን በሙሉ ባስጥላቸው ዛሬ ማታ እሳቸው ቤት እሳት እንደማይነድ አውቃለሁ። ዝም ብዬ ባሳልፍ ደግሞ ነገ አሥር ሰው መጥረቢያ ይዞ ይመጣል።»

«ኡስታዝ፣ ትክክል አድርጓል?» የሚለው ጥያቄ በመመለሻው መንገድ አውቶቡሱን ለሁለት ከፈለው። ከፊሎቹ ሕግ ሕግ ነው፤ ደኑ የሚያልቀው እንዲህ በርኅራኄ ነው አሉ። ከፊሎቹ ደግሞ የተራበ ሰው ስለ ወፍ ጎሬ እንዲያስብ መጠየቅ ተገቢ አይደለም አሉ። ክርክሩ ሲጦፍ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ግን እንጨቱን የሚያነደው ማን ነው? እሳቸው ይሸጣሉ እንጂ አያነዱትም። ሆቴሉ ነው፤ ዳቦ ቤቱ ነው፤ እኛ እንግዶቹ ነን ገዢዎቹ» አለች። አውቶቡሱ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ።

ጥበቃው ለምን ይከብዳል?

ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1974 (እ.ኤ.አ) ሲሆን ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ስሙን ያገኘው ከሐይቆቹ በስተምሥራቅ ካለው ነጣ ያለ የሣር ሜዳ ነው። ፓርኩ ሲከለል በመሬቱ ላይ የሚኖሩና ከብት የሚያሰማሩ ማኅበረሰቦች ነበሩ። በእነዚህ ሰዎችና በፓርኩ መካከል ያለው ጉዳይ ለአሥርት ዓመታት ሳይቋጭ ቆይቷል። በ2004 (እ.ኤ.አ) የኮሬ ማኅበረሰብ አባላት ከፓርኩ ወጥተው በሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደረገ። የፓርኩን አስተዳደር በውል ተረክቦ የነበረው አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅትም የሰዎቹ ጉዳይ እልባት ሳያገኝ በ2008 (እ.ኤ.አ) ሥራውን ለቆ ወጣ። ከዚህ የምንረዳው ጠባቂ ቢቀያየርም ከደኑ ጋር የሚኖረው ሰው ጉዳይ ካልተፈታ ጥበቃው ሥር እንደማይሰድ ነው።

ሌላው ችግር ከደኑ ውጪ የሚመጣ ነው። ውሃው የሚነሣው ከደጋው ስለሆነ በጋሞ ተራሮች ላይ መሬቱ ከተራቆተ ዝናቡ ወደ ውስጥ በመስረግ ፋንታ አፈሩን ጠርጎ በጎርፍ ይወርዳል። የአባያ ሐይቅ ቀይ ቡኒ መልክ ከየወንዙ ተጠርጎ የገባው አፈር በውሃው ላይ ተንሳፎ የሚሰጠው መልክ ነው። ደኑ ከኩልፎ ጋር የሚወርደውን ጎርፍ ፍጥነቱን እያበረደ፣ ደለሉን እያስቀረ፣ የምንጮቹን ዙሪያ ከመረገጥና ከመራቆት ይጠብቃል። በአጭሩ ውሃው ዛፉን ያኖረዋል፤ ዛፉም የውሃውን መውጫ ይጠብቅለታል። ውሉን የሚያፈርሰው ሦስተኛው ወገን ሰው ነው።

የእኛ ድርሻ

እስልምና በዚህ ረገድ ዝም አላለም። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሙስሊም ከተከለው ተክል ወፍም ሆነ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት አስተምረዋል። መዲናን ክልል አድርገው ዛፏ እንዳይቆረጥ ከልክለዋል። ዑለማዎችም ውዱእ የሚያደርግ ሰው በወንዝ ዳር ቢሆን እንኳ ውሃ እንዳያባክን አስተምረዋል። በደኑ ጫፍ በምንጩ ውዱእ ስናደርግ ተማሪዎቻችን ይህንን ትምህርት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከውሃው ዳር ተማሩት።

ዛፍ መትከል መልካም ነው። ነገር ግን ዛሬ የምንተክለው ችግኝ ያንን ሾላ እስኪያህል የልጅ ልጆቻችን ያረጃሉ። ስለዚህ የቆመውን ማቆየት አዲስ ከመትከል ይቀድማል። የሚጀመረውም ከወጥ ቤታችን ነው። በፉሪ በየደጃፉ የሚወርደው የከሰል ማዳበሪያ ከአንድ ቦታ የተቆረጠ ዛፍ ነው። ከየት እንደመጣ ሻጩን እንጠይቅ። ምርት ምድጃ እንጀራ ለመጋገር የሚያስፈልገውን ማገዶ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ላቀች ምድጃም ከሰል ይቆጥባል። መብራት ባለበት ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። ለሠርግና ለሰደቃ ድግስ በግቢያችን ስንት የጭነት እንጨት እንደሚነድ የቤተሰብ ኃላፊዎች ቢያስቡበት መልካም ነው።

ለጎብኚነት የሚሄድ ሰው ደግሞ በበጋ ወራት ቢሄድ፣ ውሃ የሚችል ጫማ ቢያደርግ፣ ዝንጀሮ ባይመግብ፣ ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ይዞ ቢመለስ፣ ለመንገድ መሪና ለአካባቢው ሰው ተገቢውን ዋጋ ቢከፍል ደኑ ቆሞ የሚያበላቸው ሰዎች ይበዛሉ። ለዚያች እናትና ለልጆቿ ከቆመ ዛፍ የሚገኝ እንጀራ ካልተፈጠረ፣ ከወደቀ ዛፍ የሚገኘውን አይተዉም። ልጆቻችን «ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁን የመጀመሪያው መልስ «ማገዶውን የምንገዛው እኛም አለንበት» የሚል ይመስለናል። ቀሪውን መልስ ወላጆች በየቤታቸው ከልጆቻቸው ጋር እንዲወያዩበት እንተዋለን።

አላህ (ሱ.ወ) የተሰጠንን አማና የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።